የአርባው ቀን እምቢታ

ሚኪያስ አዋሽ ላይ አንድ እግር ጫማውን በአውቶቡሱ መስኮት ወረወረው። ሁለተኛውን ቀምቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አንድ እግር ጫማ ምን እንደሚሠራልኝ እንጃ፤ ግን ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ታቅፎ የመጣ ሰው አስተውሎ እንዲሠራ አይጠበቅበትም። ቀሚሴ ላይ ብርቱካን ጨምቆበታል። ከኋላችን የተቀመጡትን ሽማግሌ ቆብ አውልቆ ለማያውቃት ሴት ሸልሟል። ደግሞ ያየውን ሰው ሁሉ በጣቱ እየጠቆመ “ማነው?” ይላል። ሾፌሩን “ማነው?” መንገድ ዳር ከብት የሚነዳውን “ማነው?” “አላውቀውም፣ የኔ ጌታ” ስል ስል ምላሴ ደረቀ።

የመጣሁት ለኤደን ሠርግ ነው። እኔና ኤደን ፒያሳ አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደግነው፤ እነሱ ከፊት፣ እኛ ከጓሮ። አንድ ቦምቦሊኖ ለሁለት ገምጠን፣ ትልቁ ግማሽ የማን እንደነበር እስከ ዛሬ እንጨቃጨቃለን። ስትደውልልኝ “ካልመጣሽ አላገባም፣ እናቴ ትሙት!” አለችኝ።

“እትዬ አስካለን ለምን ትገድያቸዋለሽ? እመጣለሁ” አልኳት።

ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ግን ድምጿን ዝቅ አደረገች። “አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳትጮኺብኝ። የዘርዓብሩክ አንደኛ ሚዜ ሉልሰገድ ነው።”

አልጮህኩም። “ታዲያ እኔን ምን አገባኝ?” አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። ያን ቀን ሻይዬ ውስጥ ጨው ጨመርኩ።

ለራሴ ቃል ገብቼ ነው የተነሳሁት። ሠርጉን እበላለሁ፣ ሰኞ እመለሳለሁ፣ ሉልሰገድን ቀና ብዬ አላየውም። ግን ውሸታም አይደለሁም፤ አንድ ነገር ከአፉ መስማት እፈልግ ነበር። ለምን? ለምን እንዲያ አደረገኝ? ይሄ ጥያቄ ሚኪያስ ካለበት ዕድሜ ጋር እኩል ነው፤ አብሮን ይተኛል፣ አብሮን ይነሳል።

ከላም በረት የያዝነው ታክሲ ሲያወርደን የተሳሳትኩ መሰለኝ። መንገዱ ሰፍቷል። ሰማዩ በዝቷል። የማውቃቸው በረንዳዎች፣ የማውቃቸው የእንጨት ደረጃዎች የሉም።

“ወንድሜ፣ ፒያሳ ነው እኮ ያልኩህ” አልኩት ወያላውን።

“ፒያሳ ናት፣ እናት። ሜካፕ ተቀብታ ነው” አለኝና በሩን ዘጋው።

ሳቅሁ። ሰፈሩ ቢቀየርም አፉ አልተቀየረም። ልጁን አዝዬ፣ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ሽቅብ ወጣሁ። የነሉልሰገድ ወርቅ ቤት የነበረበት ቦታ ላይ ሳር ተተክሏል፤ ሁለት አግዳሚ ወንበር ተቀምጦበታል። እዚያ፣ ከመስታወቱ ጀርባ፣ ሉልሰገድ ማጉያውን ዓይኑ ላይ አድርጎ ቀለበት ላይ አጎንብሶ ይሠራ ነበር። እኔ ከምሠራበት ፋርማሲ ስወጣ በዚያ በኩል ነው የማልፈው፤ በሌላ በኩል ቢቀርበኝም። ቀና ሳይል ማጉያውን ያወልቃል። “በምን አወቅህ?” ስለው “በጫማሽ” ይለኛል። “በዚህ ሁሉ ሰው መሀል?” ስለው “ሌላው ሰው ይራመዳል፤ አንቺ ትቸኩያለሽ” ይለኝ ነበር።

የኤደን አባት የጋሼ እሸቴ ቤት አለ። አዲሱ መንገድ ከአጥራቸው አንድ ክንድ ሲቀረው ቆሟል። የኛ ጓሮ ግን የለም። እኔና እህቴ አርሴማ አንድ ብርድ ልብስ እየተናጠቅን የተኛንበት ክፍል አሁን የእግረኛ መንገድ ሆኗል፤ መሀሉ ላይ የመብራት ምሰሶ ቆሟል። ሚኪያስን አወረድኩት። በባዶ እግሩ ሄዶ ምሰሶውን አቀፈው።

“ማነው?” አለኝ።

“ቤታችን ነው” አልኩት።

*

እትዬ አስካለ፣ የኤደን እናት፣ ከኔ ቀድመው ልጁን ነው የሳሙት። ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ ባዶ እግሩን ሳይቀር ሳሙት። “አርሴማን! ቁርጥ አርሴማን!” እያሉ አለቀሱ። ከዚያ ሊስሙት አንገቱን ገለጥ ሲያደርጉ እጃቸው ቆመ።

“ማተቡስ?”

ሻንጣዬን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ።

“ወድቆበት ነው?”

“ክርስትና አልተነሳም፣ እትዬ አስካለ።”

ያገኙት ነገር ላይ ቁጭ አሉ። የተቀመጡት የሙሽራዋ ሻንጣ ላይ ነው። “ይሄን የሚያህል ልጅ! የአባትሽ የሐጎስ የልጅ ልጅ! ሰው አጥተሽ ነው?”

ሰው አጥቼ አይደለም። እልህ ነው። የድሬዳዋዋ አክስቴ ዓለምጸሃይ ስንት ጊዜ ለምናኛለች፤ “የክርስትና አባቱ ማን ይሁን?” ስትለኝ ወሬ እቀይራለሁ። ያን ጊዜ ዓይኔ ላይ የሚመጣው አንድ ሰው ብቻ ነው።

እህቴ ሚኪያስን ወልዳ አላየችውም። ደም አልቆም አላትና በዚያው ቀረች። የልጁ አባት ነው የተባለው ሰው መርዶውን ሲሰማ ስልኩን አጠፋ። አባታችን ሐጎስ፣ አትክልት ተራ ሽንኩርት እየሸጠ ያሳደገን፣ ቀድሞ አርፏል። ቤቱ ውስጥ እኔና አንድ እፍኝ ሕፃን ቀረን።

ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳው በአርባ ቀኑ ነው። የሟች አርባም እንደዚያው ነው። የእናቱ አርባና የእሱ አርባ በአንድ ጠዋት ሥላሴ ግቢ ውስጥ ተገናኙ። እኔ ጥቁር ለብሻለሁ፤ እሱ ነጭ ተጠቅልሏል። ክርስትና ሊያነሳው ቃል የገባው የአባቴ የአጎት ልጅ ጎይቶም ነበር፤ ከመቀሌ መምጣት አልሆነለትም። ዲያቆኑ “የክርስትና አባት ይቅረብ!” ብሎ ሲጣራ ዞር አልኩ። ሉልሰገድ ከኋላዬ ቆሟል። ያን አርባ ቀን ሙሉ ከአጠገቤ ያልራቀ፣ ወተት ሲያልቅ የሚሮጥ፣ ለቅሶ ቤቱን ወንበር የደረደረ እሱ ነው። በዓለም ላይ ይሄን ልጅ አምነሽ ለማን ትሰጫለሽ ቢሉኝ መልሴ አንድ ነው።

“ሉሌ፣ አንተ አንሳልኝ” አልኩት።

ፊቱ አመድ መሰለ። “አልችልም” አለኝ።

“ምን?”

“ይሄን አትጠይቂኝ፣ ዊንታ። ሌላ ሰው ፈልጊ።”

ሰው እያየን ነው። ልጁን እንደዘረጋሁለት ነኝ። እሱ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ያቺ እርምጃ ናት የገደለችኝ። ምክንያቱን ያኔውኑ አወቅሁት፤ ወይም ያወቅሁት መሰለኝ። እሱ የወርቅ ቤት ልጅ ነው። እናቱ በኔ ነገር አንድ ቀን “የሽንኩርት ሻጭ ልጅ” ብለው ሲናገሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አባቱ ያልታወቀ ልጅ ደግሞ ለዚያ ቤት ጭራሽ ውርደት ነው። ልጁን ይዤ፣ ሳይጠመቅ፣ ከግቢው ወጣሁ። በሳምንቱ ድሬዳዋ ነበርኩ። የስልክ ቁጥሬን ቀየርኩ፤ አድራሻዬን ለማንም እንዳትናገር ኤደንን በማርያም አስማልኳት።

እትዬ አስካለ ያን ጠዋት የአርባውን ድግስ ሊሠሩ ቤት ቀርተው ነበር፤ ይሄን ሁሉ አያውቁም። ዕንባቸውን ጠራርገው ተነሱ። “በቃ። ሠርጉ ነገ ነው። እሑድ ጠዋት ሥላሴ ይነሳል። የክርስትና አባት እኔ እፈልጋለሁ።”

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ደክሞኝ ነበርና እሺ አልኳቸው። ማታ ልጁን አቅፌ ስተኛ የራቀኝ ሰው ያን ያህል ቅርብ መሆኑ፣ ነገ አንድ በር ላይ እንደምንገናኝ ማወቄ፣ ደስታ ይሁን ፍርሃት መለየት አቃተኝ።

*

ጠዋት ሰርገኛው መጣ። ወጉ እንደሆነ የሙሽራዋ ጓደኞች በሩን ዘግተን ቆምን። በከበሮና በጭብጨባ ሙሽራውን እናስለምናለን፣ ሚዜዎቹ ይለማመጣሉ፣ ሽቶ ይረጫሉ፣ ከዚያ በሩ ይከፈታል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ በዚህ ነገር አንደኛ ነኝ፤ ምላሴን አራዳ ነው የሳለልኝ። ልጆቹ ገፍተው ከፊት አቆሙኝ።

ዘርዓብሩክ ላቡን እየጠረገ ቆሟል። ከጎኑ፣ ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ የሽቶ ጠርሙስ ይዞ፣ ሉልሰገድ።

ከስቷል። ጺሙ ላይ ጥቂት ሽበት ገብቷል። ቀና ብዬ አላየውም ያልኩት ሰውዬ፣ ቀና ብዬ ከማየት ሌላ ሥራ አጣሁ። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ከበሮው ይመታል፤ እኔ ግን አልሰማውም።

“እህቶቻችን፣ ክፈቱልን እንጂ! ሙሽራው ሊቀልጥ ነው!” አለ ከሚዜዎቹ አንዱ።

“አንከፍትም” አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። “መሀላችሁ ወደ ኋላ የሚያፈገፍግ ሰው አለ። እንዲህ ያለ ሰው ይዞ የመጣ ሙሽራ ልጃችንን አይወስድም!”

እልልታው ቀለጠ። ጨዋታ መስሏቸዋል። “በያቸው! በያቸው!” ይላሉ ሴቶቹ። እሱ ብቻ ነው ያልሳቀው።

“ያ ሰው ምን ቢል ይከፈትለታል?” አለ ቀስ ብሎ።

“ምንም ቢል አይከፈትለትም።”

“እስከ ዛሬ ድረስ በር ላይ ቆሞ ከሆነስ?”

“የቆመበትን በር ተሳስቷል።”

ጭብጨባው እንደገና ተነሳ። በዚህ መሀል ሚኪያስ በእግሮቼ መሀል ሾልኮ ወጣ። እንዳመሉ ጣቱን ቀሰረ። ከዚያ ሁሉ ሰርገኛ መሀል የጠቆመው እሱን ነው።

“እማ፣ ማነው?”

“ማንም አይደለም” አልኩት።

አልጮህኩም። ግን ሰምቷል። ወጉ ነውና ሽቶውን በየተራ ረጨ፤ ሴቶቹ እየሳቁ ፊታቸውን ሸፈኑ። እኔ ጋ ሲደርስ እጁ ወረደ። ጠርሙሱን ለሌላው ሚዜ አቀበለና ዞር አለ። በሩ ተከፈተ፣ ሰው እየተጋፋ ገባ። አሸንፌያለሁ። ሁሉም እያጨበጨበልኝ ነው፤ እኔ ደግሞ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

*

ምሳው አራት ኪሎ አጠገብ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሰው ሲጨፍር እኔ ጥግ ይዤ ሚኪያስን ላስተኛው እታገላለሁ። እትዬ አስካለ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ።

“እግሬ አበጠ፤ ልጅ መዳር እንዲህ ነው” አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። “ጠዋት በር ላይ የተናገርሽው ጨዋታ አይደለም። እኔን አታታልይኝም፤ ጥርስ ስታበቅዪ አይቼሻለሁ።”

ነገርኳቸው። ሁሉንም። ዲያቆኑ ሲጣራ፣ ልጁን ስዘረጋለት፣ ያቺን እርምጃ።

“ለምን እምቢ አለ?” አሉኝ።

“እርስዎ ያጡታል? ትልቅ ቤት ነው። አባቱ ለማይታወቅ፣ የሽንኩርት ሻጭ የልጅ ልጅ...”

ጫማቸውን መሬት ላይ አስቀመጡት።

“እስቲ ልጠይቅሽ። ይሄን ልጅ የሚያሳድገው ማነው?”

“እኔ።”

“እማ የሚለው ማንን ነው?”

“እኔን።”

“ሉልሰገድ ያን ቀን ክርስትና ቢያነሳው፣ አንቺና እሱ ምን ትሆኑ ነበር?”

ሚኪያስን ጭኔ ላይ አስተካከልኩት።

“በይ እንጂ! ምን ትሆኑ ነበር?”

“አበልጅ” አልኩ።

“አበልጅና አበልጅ ይጋባል?”

አይጋባም። የክርስትና አባት ከሆነ ለልጁ አባት ነው፣ ለልጁ እናት ወንድም ነው፤ ያ በር እስከ ዕለተ ሞት ተዘጋ ማለት ነው። ይሄን አውቃለሁ። ፒያሳ አድጎ ይሄን የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ግን በዚያ ጠዋት ጭንቅላቴ ውስጥ ጋብቻ የሚባል ነገር አልነበረም። እህቴን እየቀበርኩ ነበር። ከሰው ሁሉ የምወደውን ሰው፣ ስለምወደው ብቻ፣ ከእጄ ላወጣው ነበር። እሱ ነው ያየው። እሱ ብቻ።

“ለምን አልነገረኝም?” አልኩ።

“በእህትሽ አርባ? ጥቁር ለብሰሽ? ‘ላገባሽ ስለምፈልግ ነው’ ይበልሽ? በጥፊ አታጮዪውም ነበር?”

አጮለው ነበር። እርግጠኛ ነኝ።

እትዬ አስካለ ጫማቸውን አንስተው ተነሱ። “ለምን እንደመጣ ዛሬ ነው የገባኝ፤ በሳምንቱ ቤትሽን ሲያንኳኳ አይቼዋለሁ። በሩ ተቆልፏል” አሉኝና ሄዱ።

ብቻዬን ቀረሁ። ያቺን እርምጃ መልሼ መላልሼ አየኋት። ስንት ሌሊት ያለቀስኩባት እርምጃ ወደኔ የተወሰደች ነበረች። እልል ልበል፣ ፀጉሬን ልንጭ፣ አላወቅሁም።

*

ቀና ስል ፊቴ ቆሟል። ክራቫቱን ፈታ አድርጎታል። አዳራሹ በሙሉ እየጨፈረ ነው፤ እሱ ግን ፍርድ ቤት የቀረበ ሰው ይመስላል።

“ልቀመጥ?” አለኝ።

“ቁም” አልኩት። ለምን እንዲያ እንዳልኩ አላውቅም። ቢቀመጥ የማለቅስ መስሎኝ ነው።

“ኤደን ነገረችኝ። ነገ ጠዋት ክርስትና ይነሳል አሉ።”

“አዎ።”

“የክርስትና አባት አላገኛችሁም።”

“አላገኘንም።”

ጉሮሮውን ጠረገ። “እኔ አነሳዋለሁ።”

ቸኩሎ ቀጠለ፤ ያዘጋጀው ንግግር ነበር፣ እንዳይጠፋበት የፈራ ይመስላል። “ያን ቀን እምቢ ያልኩሽ ለራሴ ብዬ ነው። ለራሴ ያስቀመጥኩት ነገር ነበረኝ። ልጁን በሱ ምክንያት አስቀየምኩት፣ አንቺን አዋረድኩሽ። አክስት እንዳለሽ አውቅ ነበርና ድሬዳዋ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ከዚራ ሰፈርን ቤት ለቤት ዞርኩ፤ ፋርማሲዎቹን ሁሉ ጠየቅሁ። አላገኘሁሽም። ዛሬ ጠዋት ስለኔ ሲጠይቅሽ ‘ማንም አይደለም’ አልሽው። ልክ ነሽ። እኔም አሰብኩበት። ማንም ሳልሆን ከምቀር የሱ አባት ልሁን። አንቺን ካጣሁ አይቀር እሱ ይኑረኝ።”

“ለራስህ ያስቀመጥከው ነገር ምን ነበር?”

“ተይው አሁን። አልፏል።”

“ሉሌ። ምን ነበር?”

መሬት መሬት አየ። “አንቺን ነዋ” አለ። “ሌላ ምን ነበረኝ?”

ሚኪያስ ጭኔ ላይ ተንፈራገጠና ወረደ። ቦርሳዬን በርብሮ ያቺን አንድ እግር ጫማ አወጣ፤ ወስዶ ሉልሰገድ እጅ ላይ አስቀመጠለት። ሉልሰገድ ጫማዋን አገላብጦ አያት። ሳቅ ሊመጣበት ነበር፤ ዕንባው ቀደመው። በሌላ እጁ ከደረት ኪሱ አንድ ነገር አወጣ። ትንሽ የብር መስቀል። የሕፃን ጥፍር የምታህል።

“ለአርባው ቀን ሠርቼለት ነበር” አለኝ። “ያን ቀን ኪሴ ውስጥ ነበረች። ማተቡ ላይ ታስሪለታለሽ። ነገ፣ ክርስትና ሳነሳው...”

“አታነሳውም” አልኩት።

ቀና አለ። “ምን?”

“እምቢ። አልሰጥህም።”

ፊቱ ያኔ እንደሆነው ሆነ። አመድ። ራሱን ነቀነቀ፤ ይገባኛል እንደሚል ሰው። እግሩን ወደ ኋላ ሲያነሳ አየሁት። ብድግ ብዬ እጅጌውን ያዝኩት።

“አንድ እርምጃ እንዳትሄድ! አንድ እርምጃ ብትሄድ ሁለተኛ አልምርህም!”

“ዊንታ...”

“አበልጅ አልፈልግም! አበልጅ አጥቼ አልተቸገርኩም። አበልጅ ከየትም ይመጣል። አንተን ለዚያ የምሰጥህ እብድ ነኝ?”

አንዳንድ ሰው ዞሮ አየን። ይየን። እያለቀስኩ ነው የምናገረው፤ የተኳልኩት ኩል ሁሉ ጉንጬ ላይ ነው።

“የምትዪውን ታውቂዋለሽ?” አለኝ። “ክርስትና አታነሳም ስትዪኝ ምን እያልሽኝ እንደሆነ ታውቂያለሽ?”

“ያን ጊዜ አላወቅሁም። ዛሬ አውቃለሁ።”

አሁን ሳልፈቅድለት ተቀመጠ። በአንድ እጁ አንድ እግር ጫማ፣ በአንድ እጁ መስቀሏን ይዞ፣ ትልቅ ሰውዬ፣ በሠርግ መሀል ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

“እናትህስ?” አልኩት።

“እናቴ?” በመዳፉ ዓይኑን ጠረገ። “እናቴ የኔን ፊት አይታ አይታ ታከታት። ‘የሽንኩርትም ትሁን የወርቅ፣ ብቻ ልጅቷን አምጣና ገላግለኝ’ ነው የምትለው።”

ሳቅሁ። ሳቄ ከልቅሶዬ ጋር ተደባለቀ። ኤደን ቬሎዋን ሰብስባ ከመድረኩ ላይ እያየችን ነበር፤ በሁለት እጇ አፏን ይዛለች። ሠርጓ ቢሆንም በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከኔ የበለጠ ደስተኛ ሰው አልነበረም፤ ይሄን ስላት እስከ ዛሬ ትቀየመኛለች።

*

እሑድ ጠዋት ሥላሴ ግቢ እንደ በረዶ ይቀዘቅዝ ነበር። ጋሼ እሸቴ የትናንቱን ባለ ሦስት ክፍል ሱፋቸውን ለብሰው መጡ፤ ማታ አውልቀውት ይሁን ለብሰውት አድረው ይሁን እንጃ። ሌሊቱን እትዬ አስካለ ናቸው የቀሰቀሷቸው። “ልጄን ድሬ ገና አልተኛሁም፣ ሌላ ልጅ አመጣሽብኝ!” እያሉ ያጉረመርማሉ፤ ደስታቸው ግን ከፊታቸው ላይ ይፈሳል።

ይሄኛውን ጠዋት ጥቁር አልለበስኩም። እህቴን ግን አሰብኳት። እዚያው ቦታ ቆሜያለሁ። ያኔ በአንድ ክንዴ የያዝኩት ልጅ አሁን እጄን እየጎተተ “እኔ ራሴ! እኔ ራሴ!” ይላል። ሉልሰገድ እንደያኔው ከኋላዬ ቆሟል። ትንፋሹን አንገቴ ላይ እሰማዋለሁ።

ዲያቆኑ ወጣ። “የክርስትና አባት ይቅረብ!”

ዞር አልኩ። ጋሼ እሸቴ ክራቫታቸውን አስተካክለው ወደ ፊት ሄዱ። ሉልሰገድ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ ፈገግ ብሎ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

በሕይወቴ እንዲያ ቀርቦኝ የሚያውቅ ሰው የለም።

ሚኪያስ ውኃውን ሲነካ ግቢውን በጩኸት አናጋው። ወልደ ሥላሴ ተባለ። ጋሼ እሸቴ ተቀብለው በነጭ ጠቀለሉት፣ ማተቡ ታሰረለት፣ ትንሿ መስቀል አንገቱ ላይ ተንጠለጠለች። ወደኔ ሲያመጡት ገና እየተንሰቀሰቀ ነበር። ከዚያ ጩኸቱን ገታ። በነጠላው መሀል አንድ እርጥብ ጣት ብቅ አለ፤ ራቅ ብሎ ወደቆመው ሰው ተቀሰረ።

“እማ፣ ማነው?”

“የኛ ነው” አልኩት።